ዝና ይፈርዳል ወይስ ሜዳ?



በመንዝና በግሼ ሜዳ፣ በመርሐቤቴም አገር፣ የገና ዕለት ጎበዙ ለጨዋታ ሲወጣ ሩሩ ሳይመታ አስቀድሞ አንድ ፍርድ ይሰጣል። ይኸውም ሰው በሁለት ወገን ሲከፈል ብርቱ መቺና ፈጣን ሯጭ የሆነው ሁሉ በአንዱ ወገን ብቻ እንዳይከማች መመልከት ነው። ይህ ፍርድ የቆመው በመንደሩ በሚወራው ዝና ላይ ነው፤ አሸናፊውን የሚለየው ግን ሜዳው ነው። እንግዲህ ሜዳው የሚፈርድ ከሆነ ዝና ምን ይረባል? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ጥያቄው በሩቅ አገርም ብዙ አከራክሯል። በአሜሪካ፣ እግር ኳስ ብለው በሚጠሩት ነገር ግን ኳሱ በእጅ በሚያዝበት ጨዋታ፣ ኮሌጆቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሁሉም እርስ በርሳቸው ሊገናኙ አይችሉም። ስለዚህ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ድምፅ እየሰጡ ደረጃ ያወጣሉ፤ ለብዙ ዘመንም የዓመቱ አንደኛ የሚታወጀው በእንዲህ ያለ ድምፅ ነበር። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በአራት ቡድኖች፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በ12 ቡድኖች መካከል የጥሎ ማለፍ ውድድር ይደረጋል። ሆኖም ወደዚያ ውድድር የሚገባውን የሚለየው የአንድ ኮሚቴ ደረጃ ነው። ስለዚህ ፍርዱ ከዘውዱ ተነሥቶ ወደ በሩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

የእኛም አገር ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። የሸዋው ተወላጅ አበበ ቢቂላ ወደ ሮም ሲሄድ ስሙን የሚያነሣ የውጭ አገር ሰው እምብዛም አልነበረም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ በአዲስ አበባ በተደረገው ሩጫ ርቀቱን የፈጸመው በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይህም ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ሰዓት የተሻለ ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። የዓለም ግምት ሳተ፤ የአገር ቤቱ ፈተና ግን እውነቱን ተናግሮ ነበር።

ነገር ግን ፈተና ብቻውን ይበቃል ለማለት አንቸኩል። በ1957 ዓ.ም. አበበ ለቶኪዮ ሲዘጋጅ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከውድድሩ ቀን እስከዚያ የቀረው ጊዜ 40 ቀን እንኳ አልሞላም። በዚያ ሰሞን አዲስ ፈተና ቢደረግና በእርሱ ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ቀሪ በሆነ ነበር። ስፍራው የጸናለት ሰዎች ያለፈ ሥራውን አይተው ስላመኑበት ነው። ጥቅምት 11 ቀንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በሜክሲኮ ያ ታላቅ ስም ሊያድነው አልቻለም። አበበ በሕመም ምክንያት ሩጫውን አቋርጦ ሲወጣ ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። ዝና በር ይከፍታል፤ በእግር ፈንታ ግን አይሮጥም።

አንዲት አገር በኦሊምፒክ ማራቶን ከሦስት በላይ ወንዶች ልታሰልፍ ስለማትችል የስም ዝርዝሩ ነገር ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ታምራት ቶላ የተመዘገበው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ተተክቶ ገባ፤ ነሐሴ 4 ቀንም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ አሸነፈ። ጉዳቱ ባይደርስ ኖሮ ሜዳው ስለ እርሱ ሊመሰክር አይችልም ነበር፤ ሜዳ የሚፈርደው በመጡለት መካከል ብቻ ነውና።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የደረጃ ዝርዝር ዋጋ አጥቷል ብለን አንናቀው። ዘውድ መስጠት ቢቀርበትም በሩን ይጠብቃል፤ በር ላይ የቀረ ሰው በደል ደግሞ በድል ቀን አይታይም። መራጮች በምን ሚዛን እንደሚመርጡ ከውድድሩ በፊት በይፋ ሊያስታውቁ ይገባቸዋል። እንዲህ ከሆነ ሳይመረጥ የቀረው ሯጭ በምን እንደተበለጠ ያውቃል፤ ለሚቀጥለውም ይዘጋጃል።