አቀንጭራን የሚቀሰቅሰው ምልክት

በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት የማሽላ ዝርያዎች መካከል ጎብዬና አብሽር ይገኙበታል። አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተመርጠው በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገበሬ የተለቀቁ ናቸው። መነሻቸው ግን በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። በወሎንኮሚ የተወለዱት፣ በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ያዳቀሏቸው እዚያ ነው።

አቀንጭራ ከማሽላ ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን የሚመጥ አረም ነው። አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ እንደ ትቢያ የደቀቁ ዘሮች ያፈራል። ዘሩ ለብዙ ዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ የሚበቅለው ከአጠገቡ ካለ ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ቀስቃሽ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች የመጀመሪያው፣ ስትሪጎል፣ በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ወጣ። ማሽላው ጠላቱን ለምን ይጠራል? መልሱ ዘግይቶ መጣ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ተክሉ ይህን ኬሚካል የሚያወጣው ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ለመሳብ እንደሆነ አሳዩ። በ2008 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች ስትሪጎላክቶን የሚባሉት እነዚህ ኬሚካሎች የጎን ቅርንጫፍ እንዳይበዛ የሚገቱ የዕድገት ሆርሞኖች መሆናቸውን አረጋገጡ።

የጊዜው ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። ገቢሳና የባዮኬሚስትሪ ባልደረባቸው ላሪ በትለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማሽላ ችግኝን አጋር በተባለ ጄል ላይ ከአቀንጭራ ዘር ጋር እያበቀሉ፣ ዘሩን የማይቀሰቅሱትን ይመርጡ ነበር። ኬሚካሉ ሆርሞን መሆኑ ያን ጊዜ አልታወቀም። በ1994 ከተመረጡት ማሽላዎች ስምንት ቶን ዘር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የምሥጢሩ ዘረ መል የታተመው ግን በ2017፣ በዳንኤል ጎበና መሪ ጸሐፊነት ነው፤ የዘረ መሉ ለውጥ ማሽላው አቀንጭራን አጥብቆ የሚቀሰቅሰውን ዓይነት ትቶ ኦሮባንኮል የተባለውን ደካማ ቀስቃሽ እንዲያመነጭ ያደርጋል።

የተሻሻለው የማሽላ ዘር ብቻውን ግን አይበቃም። ፎስፈረስ ያጠረው ማሽላ ምልክቱን ያበዛል፤ ስለዚህም የደከመ ማሳ ይበልጥ ይጠቃል። ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሠራጨው የአቀንጭራ መከላከያ ጥቅል ከተሻሻለው ዘር ጋር ማዳበሪያና የእርጥበት ጥበቃን አጣምሮ የያዘው በከንቱ አልነበረም።