በሕይወት የተረፈውን ማክበር

አሜሪካ በሥራ ላይ ለወደቁ ፖሊሶቿ ሰፊ የመታሰቢያ ሥርዓት አላት። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ሜይ 15 የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን አወጁ። በ1991 ደግሞ የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት ብሔራዊ መታሰቢያ በዋሽንግተን ተመረቀ። ክፉኛ ቆስሎ የተረፈው ፖሊስ ግን ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ነበር። በ1976 የወጣው የፌዴራል ሕግ ካሳ የመደበው ለሟች ቤተሰብ ነው። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው አካሉ የጎደለ ፖሊስ በሕጉ የተካተተው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1990 ነው።

የኒውዮርኩ ፖሊስ ስቲቨን ማክዶናልድ የተመታው በዚሁ ክፍተት መሃል፣ ጁላይ 12 ቀን 1986 ነበር። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ወጣቶችን አስቁሞ ሲጠይቅ የ15 ዓመት ልጅ ሦስት ጊዜ ተኮሰበት። የ29 ዓመቱ ጎልማሳ ከአንገቱ በታች አልታዘዝ አለው፤ መተንፈስ እንኳ ያለ መሣሪያ አልቻለም። ከተጋባ ዓመት ያልሞላው ሲሆን፣ ባለቤቱ ፓቲ አን ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጃቸው ኮነር በቀጣዩ ዓመት ተወለደ። ክርስትና በተነሣበት ዕለት ማክዶናልድ የተኮሰበትን ልጅ ይቅር ማለቱን በባለቤቱ አንደበት ለሕዝብ አሳወቀ። ያ ወጣት በ1995 ከእስር ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ።

የማክዶናልድ ታሪክ ከሌሎች የሚለየው ግን ከዚያ በኋላ በተደረገለት ነገር ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ ከመዝገቡ አልፋቀውም። ወደ መርማሪነት ማዕረግ አደገ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በየትምህርት ቤቱ ስለ ይቅርታ አስተማረ። ከቄስ ማይክል ጀጅ ጋር ለዕርቅ እስከ ሰሜን አየርላንድ ተጓዘ። የሬንጀርስ የበረዶ ሆኪ ክለብም ከሚጠበቅበት በላይ ለለፋ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሰጠውን ሽልማት በስሙ ሰየመ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2017 ሲያርፍ፣ የሰላሳ ዓመት ባልደረቦቹ በሺዎች ሆነው በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ሸኙት። ልጁ ኮነርም የአባቱን ሙያ ተከትሎ በዚያው ፖሊስ ውስጥ ሳጅን ሆኖ ነበር።

ለሟች የሚደረገው ክብር አንድ ቀን በሰልፍና በመለከት ይፈጸማል። ለቁስለኛ የሚደረገው ግን ካሜራው ከሄደ በኋላ፣ በአሥረኛውም በሃያኛውም ዓመት ይፈተናል። ደመወዙ ይከፈለዋል ወይ? አስታማሚ አለችው ወይ? የሚስቱን ድካም የሚጋራ ሰው አለ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሊሠራው የሚችል ሥራ ተሰጥቶታል? ሜዳሊያ አጥልቆ በቤቱ የተረሳ ሰው ተከብሯል ማለት አይቻልም። ማክዶናልድን በእውነት ያከበረው፣ ሰውነቱ ባይታዘዝለትም የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ አሁንም ፖሊስ ነህ ብሎ የሚሠራበት ቦታ መስጠቱ ነው። ስለ ሕዝብ ደኅንነት አካላቸውን ለሰጡ ሁሉ ዕዳችን የሚለካውም በዚህ ነው።