ዜና መዋዕል ዘቤተ ምርምር፦ ከፉሪ ተራራ እስከ ምድር ዋልታ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፤ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአራት ኪሎ ስለቆመው የምድር ምርምር ቤት፣ የምድርን ዋልታ ከሚያጠኑ አሕዛብ ጋር ስላደረገው ኅብረትም እንጽፋለን። የሚጽፈው የዚህ ቤት ወዳጅ ነው።

የነገሩ ጥንት እንዲህ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1874 እና በ1875 ዓ.ም.፣ የባሕር ማዶ ሊቃውንት የመጀመሪያውን የዋልታ ዓመት አደረጉ። እያንዳንዱ አገር ለብቻው በበረዶ ላይ ከመንከራተት ይልቅ ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሥርዓት ይለካ ተባለ። ከ50 ዓመት በኋላም ሁለተኛውን አደረጉ።

ሦስተኛውን ሊያደርጉ በመከሩ ጊዜ ግን ዋልታው ብቻውን ቢለካ እንደማይበቃ አይተው ዓለምን ሁሉ ጠሩ። ስሙም ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተባለ። በዘመነ ማቴዎስ፣ ሰኔ 24 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል ተጀምሮ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. ተፈጸመ። የገቡበት አገሮች 67 ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ከበረዶ የራቀች አገር ለምን ተፈለገች ቢሉ፣ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። በዚህ ወገብ ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሮጣል። ከፀሐይ ማዕበል ሲነሣ በዋልታው ሰማይ የብርሃን መጋረጃ ይዘረጋል፤ በወገቡ ደግሞ የመግነጢሱን መርፌ ያውካል። ዋልታውን የሚያጠና ወገቡን ካላወቀ ሥራው አይሞላለትም። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ምድር የየራሱን ምስክርነት ሰጥቶታልና።

ለዚህም ሥራ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቆሙ፤ በ1950 ዓ.ም. የመግነጢሱ መዝገብ ተጀመረ። አባ ጉዋን ትጉህ ሰው ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የካራቆሬ ምድር ተናውጣ ማጀቴ በፈረሰች ጊዜ መከራውን በጥንቃቄ መረመሩ፤ ኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በታላቅ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ሌላው ምስጋናን ይሻል፤ እርሳቸው ግን መዝገብን ተዉልን።

ያ የልኬት ዓመት ታላቅ ፍሬ አፈራ። አብረው የለኩ አሕዛብ አብረው ለመጠበቅ ተማከሩ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ኅዳር 21 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እኛ ጽዮን ማርያምን ስናከብር፣ 12 መንግሥታት በዋሽንግተን የአንታርክቲካን ውል ፈረሙ። ጦር አይስፈርባት፣ የኑክሌር ፍንዳታ አይደረግባት፣ ምርምር ነፃ ይሁን፣ የተገኘውም ለሁሉ ይገለጥ አሉ። ሰኔ 16 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ውሉ ጸና። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸው የአምላክ ቸርነት ነው። መስከረም 23 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ በማድሪድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ተጨመረለት፤ በዚያች ምድር ማዕድን ማውጣት ተከለከለ። በውሉ ግርጌ ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካ ፊርማ አለ፤ የእኛ መንግሥት ፊርማ ግን የለበትም።



ወደ ነገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ ሲወርዱ በሚታየው በፉሪ ተራራ የምድር መንቀጥቀጥ መለኪያ ተተከለ። ይህ መሣሪያ ብቻውን አይደለም፤ የዓለም አቀፉ መረብ አካል ነው፤ የዚያው መረብ ሌላ ጣቢያ በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ ይገኛል። ምድር በአንድ ስፍራ ብትናወጥ ማዕበሏ በውስጧ አልፎ ለፉሪም ለዋልታውም ይደርሳል፤ የእነዚህና የሌሎች ጣቢያዎች መዛግብት ሲጋጠሙ ስፍራውና ጥልቀቱ ይታወቃል።

በሱሉልታ አቅጣጫም፣ በእንጦጦ ራስ ላይ፣ የከዋክብት መመልከቻ ቆመ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይና ታይዩዋን መጠቀች፤ ከወጪዋ የሚበዛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። መንገዷ በሁለቱ ዋልታዎች አጠገብ ያልፍ ነበር፤ የእንጦጦው ጣቢያም መልእክቷን ይቀበል ነበር። የተላከችበትም ሥራ እርሻን፣ ውሃንና ደንን መመልከት ነው፤ ይኸውም በቡራዩ እንደ ገፈርሳ ውሃ፣ ከሰበታ በላይ እንደ መናገሻ ሱባ ጥድ ያለውን ነው። ያን ጥድ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት አበው ይናገራሉ። ደን ማስጠበቅ ለነገሥታቶቻችን እንግዳ ሥራ አልነበረም።

ዛሬ ሰበታ፣ ሱሉልታና ቡራዩ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ቤቱም መንገዱም ወደ ተራራው እየወጣ ነው። የምድርን ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ጸጥታ ይሻል፤ የመኪናና የድንጋይ ካባ ንውጽውጽታ መዝገቡን ያበላሻል። እንግዲህ የሚሾሙ ሁሉ የፉሪን ጸጥታ፣ የመናገሻን ደን፣ የገፈርሳን ዳርቻ በሕግ ያጽኑ፤ በአንታርክቲካ ውል የቀረውን ፊርማም ይጨምሩ። ለምድር ሁሉ የሚለካ ቤት ያላት አገር ከሚጠብቁት ጋር ልትቆጠር ይገባታልና። ለዚህ ሥራ የደከሙትን እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስባቸው፤ አሜን።