ለመቅለጥ የተፈጠረ ሽቦ፦ የፊውዝ ታሪክ ከቴሌግራፍ እስከ መኪና ሙዚቃ

መኪናው ውስጥ ትልቅ አምፕሊፋየርና ሳብዉፈር ማስገጠም የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ድምፁ ነው። ሽቦውስ? «ያው ሽቦ ነው፣ የተገኘው ይበቃል።» ፊውዙስ? «ከተቃጠለ ከፍ ያለ ይገባበታላ!» ደግሞስ 12 ቮልት ምን ያመጣል? በእጅ ቢነኩት እንኳ አይነዝርም።

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። 12 ቮልት ሰው አይነዝር ይሆናል፤ መኪና ግን ያቃጥላል። ለምን? መልሱን ለማግኘት ወደ 1840ዎቹ እንመለስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቢራ ጠማቂው ልጅ

ጄምስ ጁል እንግሊዝ ውስጥ፣ ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሳልፎርድ የተወለደ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። የብረት ሽቦ ጠምጥሞ ውሃ ውስጥ ይነክርና ኤሌክትሪክ ያሳልፍበታል፤ ከዚያ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ በቴርሞሜትር ይለካል። ውጤቱን በ1841 አሳተመ። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሽቦው ሬዚስታንስ (ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ከሚያሳየው እምቢተኝነት) እና ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል።

ስኩዌር የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በዚህ ቀመር ውስጥ ቮልት የለም። ሽቦን የሚያግለው አምፔር ነው።

መብረቅን የሚጠብቅ ቀጭን ሽቦ

በዚያው ዘመን የቴሌግራፍ መስመር አውሮፓን እያዳረሰ ነበር። ችግሩ ግን መብረቅ ነው። ሜዳ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ መብረቅ ከመታው፣ ኃይሉ በዚያው ሽቦ ተጉዞ ጣቢያው ውስጥ ይገባና መሣሪያውን ያወድመዋል።

ከታወቀው የፈረንሳይ የሰዓት ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደው ሉዊ ብሬጌ በ1847 ቀላል መላ አቀረበ፦ መስመሩ ወደ ጣቢያው ከመግባቱ በፊት ከሌላው የቀጠነ ሽቦ ይቀጠልበት። ቀጭን ሽቦ ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ነው፤ የሚሞቀው ብረትም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ እሱ ይቀልጣል፣ መንገዱም ይቋረጣል። ቀጭኑ ሽቦ ሲቃጠል ውዱ መሣሪያ ይተርፋል። ፊውዝ ማለት በቃ ይኼ ነው፦ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቦታ። ስሙም የመጣው «ማቅለጥ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው።

የኤዲሰን ከተማ

መስከረም 4 ቀን 1882 ቶማስ ኤዲሰን ኒውዮርክ ውስጥ በፐርል መንገድ ያለውን የኃይል ማመንጫውን ሥራ አስጀመረ። ከዚህ በኋላ ኤሌክትሪክ የሚገባው ሰው ወደሚሠራበትና ወደሚተኛበት ክፍል ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሽቦዎች ቢነካኩ፣ ማለትም ሾርት ቢያደርጉ፣ እሳቱ ግድግዳ ውስጥ ይነሳል። ስለዚህ ከወፍራሙ ዋና መስመር ቀጭን ቅርንጫፍ በሚነሳበት ቦታ በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ይደረግ ጀመር። ኤዲሰን በ1890 ለፊውዝ የፓተንት መብት አግኝቷል።

ሰው ግን ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊውዝ ሲቃጠልባቸው ከኋላው የአንድ ሳንቲም መዳብ እየወተፉ መብራታቸውን የሚመልሱ ነበሩ። መብራቱ ይመለሳል፤ አሁን ግን በመስመሩ ላይ በጣም ደካማው ነገር ፊውዙ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ሆኗል።

ሙዚቃ መኪና ውስጥ ሲገባ

በ1930 የጋልቪን ወንድማማቾች ፖልና ጆሴፍ በቺካጎ ኩባንያቸው «ሞቶሮላ» ብለው የሰየሙትን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ አቀረቡ። የዚያን ጊዜ የብዙ መኪና ባትሪ 6 ቮልት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መኪኖች በብዛት ወደ 12 ቮልት ተሻገሩ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለተመሳሳይ ሥራ የሚያስፈልገው አምፔር በግማሽ ይቀንሳል፤ በጁል ቀመር ደግሞ በዚያው ሽቦ ላይ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

በ1970ዎቹ በትራንዚስተር የሚሠሩ ኃይለኛ የመኪና አምፕሊፋየሮች መጡ። ዛሬ መኪና ውስጥ የምናየው ባለ ሁለት ጥርስ የፕላስቲክ ፊውዝም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ በ1976 ሊትልፊውዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሠራው። ቀለሙ ልኩን ይናገራል፦ ቀይ 10 አምፔር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30።

ከእንጀራ ምጣድ ጋር እናነጻጽረው

3,500 ዋት ገደማ የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከባትሪ 1,000 ዋት የሚወስድ አምፕሊፋየርስ? 1,000ን ለ12 እናካፍል፦ 83 አምፔር! ኃይሉ ከምጣዱ ሲሶ እንኳ አይሞላም፣ ፍሰቱ ግን አምስት እጥፍ ነው።

አሁን ከባትሪው እስከ ኋላ ኮፈን 5 ሜትር የመዳብ ሽቦ እንዘርጋ፤ ለስሌት እንዲቀል 80 አምፔር እንበል። ሽቦው 4 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ (ለቤት ሶኬት ከተለመደው 2.5 ይወፍራል እኮ!) 138 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይቀየራል። እጅ የማያስነካውን የድሮ 100 ዋት አምፖል አስቡትና ከዚያ የሚበልጥ ሙቀት ምንጣፍ ሥር ሲታፈን ይታያችሁ። 1.7 ቮልት ገደማም መንገድ ላይ ስለሚቀር ሙዚቃው ራሱ ይደክማል። ሽቦውን 25 ካሬ ሚሊሜትር ብናደርገው ሙቀቱ ወደ 22 ዋት፣ የሚጠፋው ቮልት ወደ 0.3 ይወርዳል።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ?

መጀመሪያ አምፔሩ ይሰላ፤ ቀጥሎ እንደ አምፔሩና እንደ ርዝመቱ ሽቦው ይመረጥ። ሽቦው ንጹህ መዳብ መሆኑም ይረጋገጥ፤ ላዩ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ርካሽ ቢሆንም ለዚያው ፍሰት የበለጠ ውፍረት ይፈልጋል። ፊውዙ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልኩም ሽቦው ከሚችለው አምፔር መብለጥ የለበትም። ብዙዎች ፊውዝ አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። ይህኛው ፊውዝ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ሲያልፍ የብረቱ ጠርዝ ፕላስቲኩን ቢልጠው፣ መዳቡ የመኪናውን አካል ይነካል፤ አካሉ ደግሞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ባትሪ ያኔ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ፊውዙ ኋላ አምፕሊፋየሩ ጋ ከሆነ ይህ ሁሉ ፍሰት እሱ ጋ አይደርስም፤ ሽቦው ይነድዳል፣ ፊውዙ ደህና ነው! ስለዚህ ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው፤ የተለመደው ምክር ከ45 ሴንቲሜትር እንዳይርቅ ነው።

በተቃጠለ ፊውዝ ላይ የመዳብ ክር ጠምጥሞ መንዳት ያው የአሜሪካኖቹ ሳንቲም ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለ ሻሽ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። ፊውዝ ከተቃጠለ ወይ ሽቦ የሆነ ቦታ ተነካክቷል፣ ወይ ከልክ ያለፈ ፍሰት ተጠይቋል። መጀመሪያ ያንን ፈልጉ፤ ከዚያ በዚያው ልክ አዲስ ፊውዝ ተኩ።