ጠያቂው አቭሻሎም ኮር እና የመጽሐፍ ቅዱስ ውድድር

በእስራኤል የነፃነት በዓል ቀን በኢየሩሳሌም ከሚደረጉት ዝግጅቶች መካከል፣ በዕብራይስጥ «ሒዶን ሃታናኽ» የሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር አንዱ ነው። በሽኩና ዳሌትም ሆነ በሌላው ሰፈር የሚኖሩ ልጆቻችን ይህን ውድድር ከትምህርት ቤታቸው ያውቁታል። ወላጆችም በቴሌቪዥን ያዩታል። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ስለሚያቀርቡት ሰው በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብዙ ስለሌለ፣ የዶክተር አቭሻሎም ኮርን የሕይወትና የሥራ ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቭሻሎም ኮር በ1950 ተወለዱ። ስማቸው በእኛ መጽሐፍ አቤሴሎም ተብሎ የሚነበበው የንጉሥ ዳዊት ልጅ ስም ነው። ቃሉ ሲከፈል «አብ» እና «ሰላም» ስለሚሆን፣ ግዕዝ የተማረ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ትምህርታቸው የዕብራይስጥ ቋንቋ ሲሆን፣ በሕዝብ ዘንድ የታወቁት በጦር ሠራዊቱ ራዲዮ በጋሌይ ጻሃል ነው። «በኦፌን ሚሉሊ» በተባለው አጭር ዝግጅታቸው አንድ ቃል ከየት እንደመጣ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የት እንደሚገኝና ዛሬ ሰው እንዴት አሳስቶ እንደሚናገረው ለአድማጭ ያስረዱ ነበር። ይኸው ሥራ ወደ ቴሌቪዥንም ተሸጋገረ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የወጣቶቹን የመጽሐፍ ቅዱስ ውድድር በጠያቂነት መርተዋል።

ውድድሩ ራሱ ከእርሳቸው ይቀድማል። የተጀመረው በ1958፣ የእስራኤል መንግሥት 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ቴሌቪዥን አልነበራትም፤ የእስራኤል ቴሌቪዥን አጠቃላይ ሥርጭቱን የጀመረው በ1968 ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ውድድሩን የተከታተለው በራዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር። ያሸነፉት አሞጽ ሐካም የተባሉ የኢየሩሳሌም ሰው ናቸው። በንግግራቸው ችግር ምክንያት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከአባታቸው እግር ሥር ተምረው ያደጉና በዓይነ ስውራን ተቋም ውስጥ በአነስተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነበር። ከድሉ በኋላ ግን በመጽሐፈ ኢሳይያስ፣ በመዝሙረ ዳዊትና በመጽሐፈ ኢዮብ ላይ የሚጠቀስ ትርጓሜ ጽፈው፣ በ2012 አረፉ። በ1961 የተደረገውን ሁለተኛውን ዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፉት ደግሞ ከየመን አይሁድ ወገን የሆኑት ይሕያ አልሼኽ ናቸው። ከ1963 ወዲህ ወጣቶች የሚወዳደሩበት ውድድር ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። አሞጽ ሐካም ዕውቀቱን ያገኙት በውድድሩ ቀን አይደለም። ለብዙ ዓመታት በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። በዚያ ቀን የሆነው ነገር ሰው በአደባባይ ስለጠየቃቸው ዕውቀታቸው መታየቱ ነው። የጠያቂ ክብርም በዚህ ላይ ነው። ጠያቂ ጥያቄውን ጥርት አድርጎ ማንበብ፣ ለአንዱ ሳያደላ ለሁሉም እኩል ጊዜ መስጠት፣ ዳኞች እስኪወስኑ መታገሥ፣ የተሳሳተውንም ልጅ ሳያሳፍር ማሳለፍ አለበት። መልሱን ስለሚያውቅ አይመካም፤ ሥራው የሌላውን ዕውቀት ማውጣት ነውና።

ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ማታ ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባል ነበር። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሌላ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይነግረዋል። ቄሶቻችንም ተማሪውን እየጠየቁ ነበር የሚያስተምሩት። ኦሪትን፣ ማለትም አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ከኢያሱ፣ ከመሳፍንትና ከሩት ጋር፣ በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙ ነበር።

በዘመቻ ሙሴ በ1984 እና በ1985፣ በዘመቻ ሰሎሞንም በ1991 ወደ እስራኤል ስንገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ለአባቶቻችን የቀረበላቸው ጥያቄ የቢሮ ጥያቄ ሆነ፦ ስምህ ማን ነው፣ መቼ ተወለድህ፣ ስንት ልጅ አለህ። መልሱንም በዕብራይስጥ የሚሰጠው የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ኦሪትን በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ በልጁ ፊት የማያውቅ ሰው መሰለ። ዕውቀት ስላልነበረው አይደለም፤ በሚያውቀው ነገር የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ዶክተር ኮር በራዲዮ ያሳዩት የቃል ፍለጋ ለዚህ ችግር መንገድ ይጠቁማል። ዕብራይስጥና ግዕዝ ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ቤት ስንል እነርሱ ባይት፣ ራስ ስንል ሮሽ፣ ልብ ስንል ሌቭ፣ ስም ስንል ሼም ይላሉ። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 19 ሁለት ዓይነት ነገር አትቀላቅል የሚለው ትእዛዝ በዕብራይስጡ «ኪልአይም» ይላል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ክልኤ» ሁለት ማለት መሆኑን ስለሚያውቅ ቃሉ አይከብደውም። በትምህርት ቤት ይህን ቃል የሚያጠና ልጅ አያቱን ቢጠይቅ፣ ከመምህሩ ያልሰማውን ነገር ይዞ ይመለሳል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አይተናል። በ2016 ከጎንደር የመጣ ወጣት በኢየሩሳሌም በዚህ ውድድር ላይ ቀርቦ ከዓለም ዙሪያ ከመጡ ወጣቶች ጋር ተወዳድሯል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ወደ መድረክ እስኪጠራ መጠበቅ አይገባውም። ሲግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። በዚያን ዕለት ቄሶች የሚያነቡትን ወጣቶች አስቀድመው በዕብራይስጥ አጥንተው፣ ማታ ቤት ሲገቡ ሽማግሌዎችን በግዕዙ ይጠይቁ። ሽማግሌዎችም በተራቸው ልጆቹን ይጠይቁ። በሕይወት ያሉት አዋቂዎቻችን ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ስለሆነ፣ ጥያቄው ዛሬ ይጠየቅ ዘንድ ለአንባቢዎቻችን አደራ እንላለን።