የገና ጾምና የልደት በዓል በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን

የገና ጾም ወይም ጾመ ነቢያት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾም ጾም ሲሆን፣ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ጾሙ የሚፈታው በልደት (በገና) በዓል ነው። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ስለ ኢትዮጵያ ገና የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ላሊበላ ላይ ያተኩራሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ምእመን ወቅቱን የሚያሳልፈው በሰፈሩ አጥቢያ ነው። በአጥቢያ ደግሞ ገና የአንድ ሌሊት በዓል ብቻ ሳይሆን 44 ቀን ጾም፣ ስም ያላቸው ሦስት እሑዶችና ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ማኅሌት ያሉበት ወቅት ነው።

ስያሜ

ጾሙ በርካታ ስሞች አሉት። ነቢያት የክርስቶስን መምጣት ተስፋ አድርገው ስለ ጾሙ ጾመ ነቢያት፣ ለአዳም የተሰጠው የድኅነት ተስፋ የተፈጸመበት ስለሆነ ጾመ አዳም፣ የሐዋርያው ፊልጶስ ደቀ መዛሙርት ሥጋው በተሰወረባቸው ጊዜ ስለ ጾሙት ጾመ ፊልጶስ ይባላል። ጾመ ስብከትና ጾመ ልደት የሚሉትም በመጻሕፍት ይገኛሉ። በሕዝቡ ዘንድ ግን የሚታወቀው «የገና ጾም» በሚለው ነው። «ገና» የሚለው ቃል ልደት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል እንደመጣ ይነገራል።

የቀናቱ ቆጠራ

ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ ቀን እስከ ታኅሣሥ 28 ያለው ሲቆጠር 44 ቀን ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ቁጥር በሦስት ከፍለው ያስረዳሉ። አርባው ቀን የነቢያት ጾም ነው፤ ሙሴ በሲና ተራራ ከጾመው ጋር ይያያዛል። ሦስቱ ቀናት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ከነበረው ከአብርሃም ሶርያዊ ጋር የተያያዙ ናቸው። በቅብጦች ትውፊት መሠረት፣ የግብፁ ገዥ ክርስቲያኖቹን «እምነት ተራራ ያፈልሳል የሚለውን ቃል አሳዩኝ» ባላቸው ጊዜ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ በስምዖን ጫማ ሰፊው ጸሎት የሙቀጠም ተራራ ተንቀሳቅሷል። የቀረው አንድ ቀን ገሃድ ነው። ገሃድ የልደትና የጥምቀት ዋዜማ የሚጾምበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለቱ በዓላት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉ ለሚበላው የጾም ቀን ምትክ ነው ተብሎ ይተረጎማል።

በዓሉ ለምን አንዳንዴ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ብዙ ሰው ይጠይቃል። መልሱ ያለው በጳጉሜን ነው። ቤተ ክርስቲያን ጽንሰቱን መጋቢት 29 ታስባለች፤ ከዚያ እስከ ልደት ያለው ጊዜ ደግሞ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው። በመደበኛው ዓመት ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ባለ 30 ቀን ወሮችና አምስት የጳጉሜን ቀናት ስላሉ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ያርፋል፤ በዓሉም በዚያው ቀን ይከበራል፤ የጾሙ መፈጸሚያም ታኅሣሥ 27 ይሆናል። ዘመነ ዮሐንስን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ይበቃል፤ ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ልደት የተከበረው እሑድ ታኅሣሥ 28 ቀን ነበር።

በዚህ አሠራር ምክንያት በዓሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በዘመናችን ሁልጊዜ ጃንዩወሪ 7 ይውላል። ይህ ግን ለዘለቄታው አይደለም። የጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2100 የካቲታቸውን (ፌብሩወሪን) 28 ቀን ስለሚያደርገው፣ ከ2093 ዓ.ም. ገና ጀምሮ በዓሉ በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዩወሪ 8 ላይ ይውላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጥ ነገር የለም።

ጾሙ በአጥቢያ

በጾሙ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ የሚነሣ ክርክር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰዓት ጠብቆ መብላት ሥርዓት ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ከእህልና ከውኃ መከልከል የለም፤ የጾም ምግብ ብቻ ይበላል። ቅዳሴውም ይህንን ይከተላል። በበርካታ አጥቢያዎች በሥራ ቀናት ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ይቀደሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን በጠዋት ነው።

ጾመ ነቢያት እንደ ዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ጸጥ የሚሉበት ወቅት አይደለም። በመካከሉ ትልልቅ ክብረ በዓላት አሉ። ኅዳር 21 በአክሱምና በማርያም ስም በተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ጽዮን ማርያም ትከበራለች። ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት እቶን ያወጣበት ይታሰባል። በዚያ ቀን በገብርኤል አጥቢያዎች ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በሐረርጌ ወዳለው ቁልቢም ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ታኅሣሥ 22 የብሥራት በዓል፣ ታኅሣሥ 24 ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ነው። የእነዚህ በዓላት ልዩ መልክ፣ ደስታው እንደ ንግሥ ቢሆንም ማዕዱ የጾም መሆኑ ነው። በደጀ ሰላም የሚቀርበው ጠበል ጸዲቅ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮና ዳቦ ነው።

ሦስቱ እሑዶች

ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስት ሳምንታት ወደ ልደት የሚያደርሱ ደረጃዎች ናቸው። እያንዳንዱ እሑድ የራሱ ስም፣ መዝሙርና ምንባብ አለው። ምንባቦቹን የሚወስነው መጽሐፈ ግጻዌ ነው፤ መዝሙሩ ከቅዱስ ያሬድ ድጓ ይወጣል።

የመጀመሪያው ስብከት ይባላል፤ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው እሑድ ይውላል። ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት መስበካቸውና መናፈቃቸው ይታሰባል። ዲያቆኑ ከወንጌል በፊት የሚያዜመው ምስባክ ከመዝሙር 143 የተወሰደ ሲሆን፣ ከላይ እጅ ተልኮ ከብዙ ውኃ እንዲያድን የሚለምን ነው። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ምስባኩ ከመዝሙር 42 ሆኖ ብርሃንና እውነት እንዲላክ የሚለምን ነው፤ ወንጌሉም ስለ ቃልና ስለ ብርሃን ከሚናገረው ከዮሐንስ ምዕራፍ 1 ይነበባል። ሦስተኛው ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ፣ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ይውላል። ምስባኩ ከመዝሙር 79 የእስራኤልን እረኛ ይጠራል፤ ወንጌሉ መልካሙ እረኛ የሚታወቅበት ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ነው። ሦስቱን አከታትሎ ለሰማ ሰው ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ልመናው፣ ቀጥሎ ብርሃኑ፣ በመጨረሻም መንጋውን የሚፈልገው እረኛ ይመጣል።

አንዳንድ ዓመት ሰንበቱና የወሩ በዓል ይገጣጠማሉ። በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 እሑድ ስለዋለ ብርሃንና የገብርኤል ንግሥ በአንድ ቀን ሆነዋል። በዚያው ዓመት ልደት ረቡዕ ውሏል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም አይጾሙም።

የልደት ሌሊት

በዋዜማው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ይጸዳል፣ ምንጣፉ ይነጠፋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ይህን በአብዛኛው የሚሠሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የአጥቢያው እናቶች ናቸው። ምእመናን ነጠላቸውን ለብሰው ሲመሽ መግባት ይጀምራሉ፤ ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ሞልቶ የቀረው ሕዝብ በግቢው ዛፍ ሥርና በደጀ ሰላም ዙሪያ ጧፍ ይዞ ያድራል። የደጋ ታኅሣሥ ብርድ የታወቀ ነው፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቦ የሚመጣው ብዙ ነው።

ማኅሌቱ በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ይቆማል። መሪጌታው ይመራል፤ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቀባበላሉ። ዜማው መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ቀጥሎ ጸናጽልና ከበሮ ይገቡበታል፣ በመጨረሻም በወረብ ይደምቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው አንድ ነገር ሲደጋገም ይመስለዋል። ነገር ግን ያው ቃል በየደረጃው ፍጥነቱና እንቅስቃሴው እየተለወጠ ነው የሚሄደው፤ ሌሊቱ የሚገፋውም በዚህ ነው።

ከማኅሌቱ በኋላ ቅዳሴ ይገባል። ከሌላው ቀን የሚለየው በእኩለ ሌሊት መሆኑ ነው፤ ክርስቶስ በሌሊት መወለዱን ለማሰብ ነው። ሰዓቱ እንደየአጥቢያው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጸማል። ለሚቆርቡ ሰዎች ጾሙ እስከ ቁርባን ድረስ ይቀጥላል። ከዚያ ሕዝቡ «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባለ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የተዘጋጀው ዶሮ ወጥም ከመንጋቱ በፊት ይቀርባል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አገልጋይ ሲኖር ነው። ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ ለማኅሌት ደግሞ ድጓ የተማሩ ሰዎች ግድ ናቸው። ድጓ በአብነት ትምህርት ቤት ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ስለሆነ ሁሉም አጥቢያ ሙሉ ማኅሌት ሊያቆም አይችልም። አገልጋይ ያነሰው የገጠር አጥቢያ ከጎረቤት ደብር መሪጌታ ወይም ተማሪ ይለምናል፤ ካላገኘ አሳጥሮ ይቆማል። አምስቱ ካልሞሉ ግን ቅዳሴ የለም፤ ሰው ወደ ሌላ አጥቢያ በሌሊት ይጓዛል። ለአገልጋዮች ደመወዝ መክፈል የሰበካ ጉባኤው ኃላፊነት ነው። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመ የካህናት፣ የምእመናንና የወጣቶች የጋራ አስተዳደር ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚተዳደረው ምእመናን በሚከፍሉት አስተዋፅኦና በሙዳየ ምጽዋት ነው።

ላሊበላና ሌሎች ቦታዎች

በላሊበላ በዓሉ ከንጉሡ ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር በአንድ ቀን ይከበራል። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ማርያም ካህናት ከፊሉ በዙሪያው ባለው ዐለት ላይ፣ ከፊሉ ከታች በግቢው ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» የተባለውን ዜማ ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ከውጭ የሚመጡ ተሳላሚዎች በዋዜማው ወደ ቤተ ልሔም ይወርዳሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች ዋናው ችግር ጃንዩወሪ 7 የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ብዙ ምእመን ሌሊቱን ቆሞ በጠዋት ወደ ሥራ ይሄዳል። የራሳቸው ሕንፃ የሌላቸው አጥቢያዎች ደግሞ የሌላ ቤተ እምነት አዳራሽ ተከራይተው ስለሚገለገሉ፣ ማኅሌቱ የሚያልቀው በአከራዩ ሰዓት ነው።

የገና ጨዋታ

ከሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ይደረጋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ (ገና) እና ሩር የምትባል ከእንጨት የተጠረበች ኳስ ያስፈልጋሉ። በትውፊት እረኞች የልደቱን ዜና ሲሰሙ በያዙት በትር መጫወታቸውን ያስታውሳል ይባላል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታው እንኳ አይቀየምም የሚል ልማድ ነበር። በከተማ ጨዋታው እየቀረ ነው።

ከበዓሉ በኋላ

ከልደት እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ዘመነ ልደት ይባላሉ። እንደ ትንሣኤ በኋላ እንዳሉት ሃምሳ ቀናት ስላልሆኑ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ጥር 10 የጥምቀት ገሃድ ይጾማል፤ ከሰዓት በኋላም ለከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ።