መደብ፣ አልጋ፣ ጉያ

ልጃችን በሰባተኛ ወሯ ከአልጋ ወደቀች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር። መጀመሪያ ዱብ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ አንድ አፍታ ዝምታ፣ ከዚያ ለቅሶ። ያቺ የዝምታ አፍታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ደግነቱ ግንባሯ ላይ ትንሽ ካበጠው በቀር ምንም አልሆነችም። ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ስናወራ ግን አንድ ነገር ገረመን፤ ሰባት ወር ሙሉ መሃላችን ስናስተኛት አንድም ቀን "የት ነው መተኛት ያለባት?" ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ያው፣ ልጅ ከእናቱ ጋር ነው የሚተኛው። በቃ።

በሳምንቱ ዘንዘልማ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሄድን። ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲወጡ፣ ዓባይን ተሻግሮ ያለች ቀበሌ ናት፤ የከተማ ሰው በአብዛኛው የሚያውቃት በዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ ነው። አያቴ የልጅቷን ግንባር ዳበስ ዳበስ አደረጉና "አልጋው ከመሬት ስንት ክንድ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። በእጄ ከጉልበቴ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

"እንግዲያ ምን ትላለህ ልጄ፣ እሱ አልጋ ነው፤ እኛ ልጅ ያሳደግነው መደብ ላይ ነው" አሉ።

መጀመሪያ የድሮ ሰው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን የጥያቄያችን መልስ እዚያች አረፍተ ነገር ውስጥ ነበረ። እኛ ልማዱን ወርሰናል፤ ልማዱ የተሠራበትን መኝታ ግን አልወረስንም። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ሶፍትዌሩ የድሮው ነው፤ ሀርድዌሩ ተቀይሯል።

መደብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከድንጋይና ከጭቃ የሚሠራ፣ ላዩ በእበት የሚለቀለቅ ዝቅ ያለ መቀመጫም መኝታም ነው። ሰሌን ይነጠፍበታል፣ በሰሌኑ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ። አያቴ ልጆቻቸውን በግድግዳው በኩል አስተኝተው እሳቸው ወደ ውጭ ይሆኑ ነበር። እንደ መሐንዲስ ሳየው ሦስት ነገሮች ገረሙኝ። ጠንካራ ነው፤ የሕፃን ፊት አይሰምጥበትም። ዝቅ ያለ ነው፤ ልጅ ቢወድቅም ከፍታው ብዙ አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ስለሆነ ሕፃን የሚቀረቀርበት ክፍተት የለውም። የዘመኑን አልጋ ግድግዳ ላይ ብናስጠጋው ግን በፍራሹና በግድግዳው መካከል ክፍተት ይቀራል፤ የሕፃናት ሐኪሞች አጥብቀው ከሚያስጠነቅቁባቸው ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ታዲያ አልጋ የማን ነበር? ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። አልጋ ማለት ዙፋን ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የተሰየሙት "አልጋ ወራሽ" ተብለው ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥም ሆነ መተኛት የክብር ምልክት ነበር። በጠፍር የተሠራ አልጋ ያለው ገበሬ ቤት እንኳ አልጋው የአባወራ ወይም የክቡር እንግዳ ነው፤ እናትና ሕፃን መደብ ላይ፣ የቀሩት ልጆች መሬት ላይ።

ሌላው የመኝታ ዕቃችን በየዘመኑ ከውጭ እንደመጣ ስሙ ይነግረናል። ፍራሽ ከዓረብኛ ነው። ሱስታና ኮመዲኖ ከጣሊያንኛ ናቸው። ባሕር ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 ፖሊቴክኒኩ ሲከፈቱ፣ ከየገጠሩ የመጣው ሠራተኛና ተማሪ ኑሮው ኪራይ ቤት ሆነ። በአንዲት ክፍል ውስጥ መደብ የሚሠራ አከራይ የለም። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ አልጋው ከፍ አለ፣ የስፖንጅ ፍራሹም ወፈረ። የሕፃኑ ቦታ ግን አልተነካም።

ምክንያቱም ለሕፃን መኝታ ያለን የቆየ ቃል የዕቃ ስም አይደለም፤ ጉያ ነው። ቀን ጀርባ ላይ በአንቀልባ፣ ማታ ጉያ ውስጥ። ማታ ማታ የሚጠባ ልጅ ሌላ ቦታ ይተኛ ቢባል ለአያቴ ትርጉም አይሰጣቸውም።

በዚህ ላይ የአራስነት ሥርዓት አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ቁጥሩም በመጽሐፈ ኩፋሌ ውስጥ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡበት ቀን ጋር የተያያዘ ነው። በእነዚህ ቀናት ባል ከአራሷ ጋር አይተኛም። ሥርዓቱ የተደነገገው ለሕፃን እንቅልፍ ተብሎ አይደለም፤ ሆኖም ጠላ ወይም አረቄ ጠጥቶ የሚገባው፣ ለልጁ ድምፅ የማይነቃው ሰው በጣም ጨቅላ በሆነችበት ወቅት ከመኝታዋ ርቆ ይቆያል። እኛ ግን ከሆስፒታል በወጣን ማግሥት ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ነበርን።

ይህን ስል "የድሮው ይሻል ነበር" እያልኩ አይደለም። በመደብ ዘመን ስንት ሕፃን ሌሊት እንደሞተ የመዘገበ የለም፤ መሃል ቤት የሚነደው ምድጃም መዳህ ለጀመረ ልጅ ደግ ጎረቤት አልነበረም። አደጋው የእኛ ብቻም አይደለም። የሰሎሞንን ፍርድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰይፉን እናስታውሳለን፣ የጠቡን መነሻ እንረሳለን። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ላይ አንደኛዋ እናት ሌሊት በልጇ ላይ ተኝታበት ነው የሞተው። አውሮፓ ውስጥም ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ስለዚህ ስታስጠነቅቅ ኖራለች። በፍሎረንስ ሞግዚቶች ሕፃኑን አጠገባቸው የሚያስተኙበት፣ በላዩ ቅስት የእንጨት መከላከያ ያለው፣ ለማጥባት ጎኑ የተከፈተ ዕቃ ነበራቸው፤ አርኩቲዮ ይባላል። በ1730ዎቹ መጀመሪያ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ስለ እሱ ጽፏል። ያኔም ጥያቄው "አብሮ መተኛት ወይስ መለያየት" ብቻ አልነበረም፤ እንዴት አድርገን አጠገባችን እናስተኛው ነበር።

ዛሬም ክርክሩ አላለቀም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር ሕፃን ቢያንስ እስከ 6 ወሩ ከወላጆቹ ክፍል ሳይወጣ፣ ነገር ግን በራሱ ጠንካራና ጠፍጣፋ መኝታ ላይ፣ በጀርባው እንዲተኛ ይላል። አንትሮፖሎጂስቱ ጄምስ ማኬና ደግሞ ጡት የምታጠባ እናትና ልጇ አብረው ሲተኙ እንቅልፋቸው እንደሚናበብ ዘመኑን ሙሉ አጥንቷል። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ግን አለ፤ ሶፋ ላይ በጭራሽ፣ ከጠጣ ወይም ከሚያጨስ ሰው ጋር በጭራሽ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ከሆነ በጭራሽ። ጃፓን ውስጥ አባት፣ ልጅና እናት ጎን ለጎን ሲተኙ "ወንዝ" የሚለውን ባለ ሦስት መስመር ፊደላቸውን ይመስላሉ ይባላል። እነሱ ግን የሚተኙት መሬት ላይ በተነጠፈ ቀጭን ፍራሽ ነው። የእነሱ መደብ በሉት።

ለጣና ዳር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ፤ ወባ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ሰው ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ዛሬ አጎበር የሚታደለው ለሁለት ሰው አንድ በሚል ስሌት ነው። ሕፃኗን ለብቻዋ ካስተኛን የእሷ መኝታም የራሱ አጎበር ይፈልጋል። ከአሜሪካ የተጻፈ ምክር ይህን አያስብልህም።

እና ምን አደረግን? የሕፃን አልጋ ገዝተን ሞክረን ነበር፤ ሌሊት አራት ጊዜ እየተነሳች ያጠባችው ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ልጅቷን እንደታቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ያ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሐኪሟን አማከርን። ገና አራስ ብትሆን ኖሮ አይፈቅድልንም ነበር፤ ሰባት ወር ሞልቷት፣ በጊዜዋ ተወልዳ፣ ጤነኛ ሆና ግን መኝታውን አስተካክሉ አለን።

የስፖንጁን ፍራሽ ጠንከር ባለ ቀየርነው። መሬት ላይ፣ ከግድግዳው በደንብ አርቀን አነጠፍነው። ትራስ ከልጅቷ ራቀ፤ ጋቢያችን ከወገባችን አያልፍም፤ እሷ የራሷን ወፍራም ልብስ ለብሳ ትተኛለች። ዳር ሆና ከእናቷ ጋር ናት፤ እኔ ሌላ ፍራሽ ላይ ተሰድጃለሁ። አጎበሩ ሰፊ ነው፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር እናስገባለን። ጠዋት ጠዋት እርጥበት እንዳይዘው ፍራሹን አቁመን እናናፍሰዋለን። አሁን ዘጠኝ ወሯ ነው። ሌሊት ትንከባለላለች፣ ምንጣፉ ላይ ደርሳ ተመልሳ ትድሃለች።

አልጋው ፈርሶ ኮሪደር ላይ ቆሟል፣ ልብስ እናሰጣበታለን። አያቴ ሊጠይቁን ሲመጡ አዩትና "ይሄስ ወራሽ አጣ" ብለው ሳቁ።